ከኦስዋልድ ጋር በካቴና የታሰሩት መርማሪ ትዝታ ምን ያህል ይታመናል?

ጠያቂ (አንባቢው)፦

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ግድያ ሳነብ አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። የዳላስ ፖሊስ መርማሪ የነበሩት ጂም ሌቬል ኅዳር 14 ቀን 1956 ዓ.ም. እሑድ ረፋድ ላይ ተጠርጣሪውን ሊ ሃርቪ ኦስዋልድን ወደ ካውንቲው እስር ቤት ለማዛወር፣ ግራ እጃቸውን ከእርሱ ቀኝ እጅ ጋር በካቴና አቆራኝተው በፖሊስ ጣቢያው ምድር ቤት በኩል ሲወጡ፣ የምሽት ክበብ ባለቤቱ ጃክ ሩቢ ከጋዜጠኞቹ መካከል ድንገት ወጥቶ ኦስዋልድን ሆዱ ላይ ተኮሰው። ሌቬል በ99 ዓመታቸው እ.ኤ.አ. በ2019 እስኪያርፉ ድረስ፣ ሽጉጡን አስቀድመው እንዳዩትና ኦስዋልድን ወደ ኋላቸው ለመሳብ እንደሞከሩ ሲናገሩ ኖረዋል። ሮበርት ጃክሰን ባነሣው ዝነኛ ፎቶግራፍ ላይ የምናየው ግን ነጣ ያለ ሙሉ ልብስና ባርኔጣ ያደረጉ፣ ክው ብለው ወደ ኋላ የሸሹ ሰው ነው። የትኛውን እንመን?

ከዳላስ፦

እኔ የምኖረው በዚያው ከተማ ስለሆነ ጉዳዩን ለዓመታት ተከታትዬዋለሁ። በመጀመሪያ፣ ይህ ቃል በስተርጅና የተፈጠረ አይደለም፤ ሌቬል እ.ኤ.አ. በ1964 የኬኔዲን ግድያ ባጣራው በዋረን ኮሚሽን ፊት በመሐላ ሲመሰክሩም ይህንኑ ተናግረዋል። ሁለተኛ፣ ከጃክሰን ፎቶግራፍ በፊት ጃክ ቢርስ የተባለ የሌላ ጋዜጣ ባለሙያ ያነሣው ፎቶግራፍ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ከሰከንድ ስድስት አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። በቢርስ ፎቶግራፍ ላይ ሩቢ ሽጉጡን ዘርግቶ ሲገባ ይታያል፤ በዙሪያው ያለው ሰው ግን ገና የነቃ አይመስልም። ስለዚህ ሌቬል አደረግሁት ያሉት ሁሉ በዚያች ቅጽበት ውስጥ መግባት አለበት።

እኔ ግን ተቃርኖ አይታየኝም። በካቴና የተቆራኛችሁትን ሰው ወደ ኋላችሁ ለመሳብ ብትሞክሩ፣ በመጀመሪያ ወደ ኋላ የሚሄደው የራሳችሁ ገላ ነው። ፎቶግራፉ መሸሽን ከመሳብ አይለይም።

ጡረተኛው መርማሪ፦

ውድ ጠያቂ፣ እኔም ለረጅም ዘመን የምስክር ቃል ስቀበል ኖሬአለሁ። አንድ የግቢ ዘበኛ ተኩስ እንደሰማ ወዲያውኑ በሩን መቀርቀሩን በእግዚአብሔር ስም ምሎ ነግሮኝ ነበር፤ እኛ ስንደርስ ግን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ መቀርቀሪያው በእጁ ነበር። ሰውዬው አልዋሸም፤ ሊቀረቅር መነሣቱን እንደ መቀርቀር ነው ያስታወሰው።

ከዚህ በመነሣት የሌቬልን ትዝታ ለሁለት ከፍዬ ነው የማየው። ስማቸውን ከፍ የሚያደርገውን ክፍል በጥንቃቄ እመዝናለሁ፤ የሚያሳፍራቸውን ክፍል ግን ሳላመነታ እቀበላለሁ። ለምሳሌ ከመውጣታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ኦስዋልድን፣ የሚተኩስብህ ሰው ካለ እንዳንተ አነጣጣሪ እንዲሆን ተስፋ አደርጋለሁ ብለው እንደቀለዱበትና እርሱም ማንም አይተኩስብኝም ብሎ እንደመለሰላቸው ራሳቸው ናቸው የተናገሩት። እንዲህ ያለውን ነገር በራሱ ላይ ፈጥሮ የሚያወራ መርማሪ አላውቅም። እስረኛውን በሌላ በር በጸጥታ እናውጣው ብለው ሐሳብ ማቅረባቸውንና የፖሊስ አዛዡ ጄሲ ከሪ ለጋዜጠኞች ቃል ገብቻለሁ በማለት እንዳልተቀበሏቸው ተናግረዋል፤ ይህኛው ራሳቸውን ከጥፋት የሚያወጣ ስለሆነ ትንሽ ቆም ብዬ አየዋለሁ። ደግሞም ሁሉም ሌቬልን ብቻ ሲያወራ የሚረሳው ሌላው መርማሪ ኤል ሲ ግሬቭስ ነው፤ የሩቢን ሽጉጥ ይዞ ሁለተኛ ጥይት እንዳይተኮስ ያደረገው እርሱ ነበር።

የአራት ኪሎው፦

መርማሪው ስለ ዘበኛው ያነሡት ነገር አባቴን አስታወሰኝ። ኬኔዲ የተገደለበት ዕለት በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 12 ቀን፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ፣ ጠዋት ኅዳር ሲታጠን፣ ቆሻሻው ደጃፍ ላይ እየነደደ ሳለ ሬዲዮ ዜናውን ሲያሰማ እንደሰማ ይነግረን ነበር። ዳላስ ላይ የተተኮሰው ግን እኩለ ቀን ካለፈ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው፤ ያ ደግሞ በአዲስ አበባ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ስለዚህ ዜናው ጠዋት ከተሰማ በማግስቱ መሆን አለበት፤ እሳቱ ያን ጊዜ ከስሟል። ይህንን አንድ ቀን በወረቀት አስልቼ ባሳየው፣ አባቴ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝና «ጭሱ ዓይኔን እየለበለበኝ ነበር እኮ!» አለኝ።