«ሒሳቡ የታለ?» ላለችው እህት፣ ከጅማ

«ልጄ ትምህርት ቤት የሚውለው ሲስልና ከበሮ ሲመታ ነው፣ ሒሳቡ የታለ?» ያልሽው እህቴ፣ ከወር በፊት ብትጠይቂኝ እኔም ካንቺ ጋር ነበርኩ። አሁን ጅማ ነኝ። ልጄ አያቱን እንዲያይ ብዬ ለክረምት ከምንኖርበት ውጭ አገር ይዤው መጥቼ ዝናቡ ቤት ዘግቶብናል።

የመጣን ዕለት እናቴ ካርዱን ጠየቀች። «ስንተኛ ወጣ?» እዚያ ደረጃ የለም ብላት «ደብቀሽኝ ነው» አለች። የስዕል መምህሯ በረጅሙ የጻፈችለትን ሳነብላት ደግሞ «እሱስ ይሁን፣ እኔ የጠየቅኩሽ ትምህርቱን ነው!» ሳቅኩ። ግን እኔም ያደግኩት እንዲሁ ነው። አምስተኛ ክፍል እያለሁ ደብተሬ ጀርባ ላይ የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስዬ በማስመሪያ ተገርፌያለሁ፣ ያውም በረንዳውን ሳልጨርስ።

ልጁ ሰፈራችን ያሉ አንድ በርጩማ ሠሪ ጋ መዋል ጀመረ። የጅማን በርጩማ ታውቁታላችሁ፣ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣ፣ ሚስማር የለ ምን የለ። ሰውዬው በዓይናቸው ብቻ እየለኩ ሲጠርቡ «ለምን አራት እግር አያደርጉለትም?» አላቸው። አልመለሱለትም። ያለቀውን አንስተው ወጣ ገባው አፈር ላይ አስቀመጡና «ተቀመጥ» አሉት። ቢወዛወዝ ቢወዛወዝ በርጩማው ንቅንቅ አላለም። ማታ ደብተሩ ላይ አንዴ ሦስት አንዴ አራት ነጥብ እያደረገ ሲያገናኝ አመሸ። ሒሳቡ ይኸውልሽ።

እዚህም በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና ዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት ገብቷል። ግን አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ አይፈተኑበትም፣ የማይፈተኑበትን ደግሞ ማን ወላጅ ይቆጥረዋል?

ሎሬት አፈወርቅ ተክሌም እኮ በ1947 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ የተላኩት ማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ተሰጥኦቸውን አይተው ወደ ስዕል የገፏቸው እዚያው ያሉ መምህራኖቻቸው ናቸው። ቤተሰብ ቢሆን ኖሮ እንጃ፣ እናቴማ አትገፋም!

ስመለስ የወላጅ ስብሰባ አለብኝ። ሒሳቡን መጠየቄ አይቀርም፣ አልዋሽም። ግን መጀመሪያ የምገባው የስዕል መምህሯ ጋ ነው፣ ልጁም በርጩማ ካልወሰድኩላት ብሎ ይዞኛል። ሻንጣዬ ደግሞ በበርበሬና በቡና ሞልቷል። መስከረም መጀመሪያ ላይ ከአዲስ አበባ ወደዚያው የሚነሳ፣ ሻንጣው ውስጥ ሦስት አራት ኪሎ ቦታ ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።