ገንዘብ ያዥ ሴት፣ ሊቀመንበር ወንድ፤ እስከ መቼ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ወረዳችንን ሴት ብታስተዳድር ሕዝቡ ይቀበላታል ወይ?

ከቡሬ፦ እኔ በግልጽ ልናገር። ሴት መሾሟን አልቃወምም። ለኮታ ማሟያ ሲሆን ግን ደስ አይለኝም። በጥቅምት 2011 ከ20 ሚኒስትሮች ግማሾቹ ሴቶች ሆኑ። በዚያው ወር ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዝዳንት ሆኑ፤ የፕሬዝዳንት ሥልጣን ደግሞ ያው የክብር ነው። እኛ ጋ ምን ተለወጠ? «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የተባለው ዝም ብሎ አይደለም።

ከሞጣ፦ ወንድሜ፣ የኮታው ነገር ያከራክራል። ተረቱን ግን ተወው። በዚያ ካቢኔ መከላከያን የያዙት ወይዘሮ አይሻ መሐመድ ነበሩ፤ እሱም ለማሟያ ነው?

እስቲ የቀበሌያችንን የውሃ ኮሚቴ ልንገርህ። ገንዘብ ያዧ ሴት ናት። «ሴት ገንዘብ አታባክንም» ብሎ የመረጣት ወንዱ ነው። ባለፈው ሒሳብ ስታቀርብ ነበርኩ። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ብሩን አንድ በአንድ ቆጠረች። ማን የስንት ወር እንደቀረበት በቃሏ ተናገረች፤ ደብተር እንኳ አልገለጠችም። ከዚያ ሊቀመንበር ይመረጥ ተባለ። አንዲት እናት እሷን ጠቆሙ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አንድ ሽማግሌ «ባሏን አስፈቅዳለች?» አሉ። እሷም ነጠላዋን መልሳ ቋጥራ ተቀመጠች። ብራችንን አምነን የሰጠናትን ሰው ወንበር ላይ ማየት ለምን ከበደን? እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ደግሞ መርጡለ ማርያም እዚሁ ቅርባችን ናት። የድሮውን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ንግሥት እሌኒ ናቸው። ልብነ ድንግል ገና በልጅነቱ ሲነግሥ አገር የመሩት፣ ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ የላኩት እሳቸው ናቸው። ፍርስራሹን፣ የድንጋዩን ቅርጽ እየዳሰስን እንኮራለን። ተመልሰን መጥተን ደግሞ ሴት አትመራም እንላለን።

ከደብረ ማርቆስ፦ መምህርት ነኝ፤ አንድ ነገር ልጨምር። ወንድ ኃላፊ ሲያጠፋ «እገሌ አጠፋ» ነው የሚባለው። ሴት ስታጠፋ «ድሮም ሴት!» ይባላል። የክፍል አለቃ ስናስመርጥ እንኳ ልጃገረዶቹ ራሳቸው እጃቸውን ለወንድ ያወጣሉ። ይህን ከየት ተማሩት? ከእኛው ቤት ነው።

ከቡሬ፦ የውሃ ኮሚቴው እውነት ነው፤ እኛም ቀበሌ እንዲሁ ነው። ግን ብትመረጥስ እሺ ትል ነበር? ልጅ አላት፣ ስብሰባው ሁሌ ሲመሽ ነው።

ከሞጣ፦ ሲመሽ ያደረግነው እኛ ነን። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይሁን ብዬ ለኮሚቴው ነግሬያለሁ። የሚቀጥለው ምርጫ ላይ እኔው ራሴ እጠቁማታለሁ። ጎረቤቴንም ከአሁኑ ይዤዋለሁ።