በጊልጋሜሽ ግጥም ውስጥ ዘይቤን ከተራ ድግግሞሽ በምን እንለያለን?

ጥያቄ፣ ከሥነ ጽሑፍ ተማሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። የኡሩክ ከተማ ንጉሥ ስለሆነው ስለ ጊልጋሜሽ የሚተርከውን ጥንታዊ የሜሶጶጣሚያ ግጥም በእንግሊዝኛ ትርጉም አንብበን በውስጡ ያሉትን ዘይቤዎች እንድናወጣ የቤት ሥራ ተሰጥቶናል። ተነጻጻሪ ዘይቤው አላስቸገረኝም፤ «እንደ» የሚለውን ቃል እየተከተልኩ አገኘሁት። ሰውኛውንም በስምንተኛው ጽላት (ግጥሙ ከተጻፈባቸው የሸክላ ሰሌዳዎች በአንዱ) አይቼዋለሁ፤ ጊልጋሜሽ የሞተ ወዳጁን ኤንኪዱን መንገዶቹና የኤፍራጥስ ወንዝ እንዲያለቅሱለት ይለምናል። የከበደኝ ድግግሞሹ ነው። «ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት» የሚለው ሐረግ በየቦታው ይመጣል፤ ጊልጋሜሽ ስለ ጉንጩ መጎድጎድና ስለ ሐዘኑ የሚናገረው ረጅም ንግግርም ለሦስት ሰዎች ይደገማል። ይህ በቃል ሲነገር የኖረ ታሪክ ያቆየው ልማድ ነው ወይስ ገጣሚው አስቦበት ያደረገው?

መልስ፣ ከአንድ የቆየ አንባቢ፦
ሐረጉ የመጣው ከልማዱ ነው፤ ዘዴ ያደረገው ግን ገጣሚው ይመስለኛል። ሐረጉ በተመለሰ ቁጥር ቀድሞ የመጣበትን ቦታ ያስታውስዎት እንደሆነ ይመርምሩ። ጊልጋሜሽ የኤንኪዱን ሬሳ አላስቀብርም ብሎ፣ ከአፍንጫው ትል እስኪወድቅ ድረስ ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት አለቀሰ። በአሥራ አንደኛው ጽላት ደግሞ የዘላለም ሕይወትን ፍለጋ፣ ከጥፋት ውኃ በመርከብ ተርፎ የማይሞት ወደ ሆነው ወደ ኡትናፒሽቲም ሲደርስ፣ እስቲ ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት ሳትተኛ ቆይ ተብሎ ይፈተናል። ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ እንደ ጉም ይወርድበታል። የኡትናፒሽቲም ሚስት በየቀኑ አንድ ዳቦ እየጋገረች ራስጌው ታስቀምጣለች፤ ሲቀሰቀስ ገና ሸለብ ሳያደርገኝ ነካኸኝ ይላል። ዳቦዎቹ ግን ይመሰክሩበታል፦ የመጀመሪያው ደርቋል፣ ሁለተኛው እንደ ቆዳ ሆኗል፣ ሦስተኛው ረጥቧል፣ አራተኛው ነጥቷል፣ አምስተኛው ሻግቷል፣ ስድስተኛው ትኩስ ነው፣ ሰባተኛው ገና ፍም ላይ ነው። የወዳጁን ሬሳ በእንባ በጠበቀበት ጊዜ ልክ፣ እንቅልፍን መቋቋም አቃተው። ቁጥሩ ባይደገም ኖሮ ይህ ምጸት አይሰማንም ነበር።

መልስ፣ ከግዕዝ አስተማሪ፦
ተነጻጻሪ ዘይቤው አላስቸገረኝም ስላሉት ትንሽ ልጨምር፤ ማግኘቱ ቀላል ቢሆንም ሥራውን ለማየት በቅደም ተከተል ማንበብ ያስፈልጋል። ግጥሙ የተጻፈበት አካድኛ፣ የጥንት ሜሶጶጣሚያ ቋንቋ፣ የግዕዝ ዘመድ ነው፤ «እንደ» የሚለው ቃሉ «ኪማ» ሲሆን የእኛው «ከመ» ነው። ኡትናፒሽቲም በሚተርከው ታሪክ የጥፋት ውኃው ሲወርድ አማልክቱ ደንግጠው «ኪማ ካልቢ» ተኮራምተው ተኙ ይላል፤ በግዕዝ «ከመ ከልብ»፣ እንደ ውሻ ማለት ነው። ውኃው ጎድሎ መሥዋዕት ሲቀርብ ደግሞ መዓዛው ሸትቷቸው እንደ ዝንብ ተሰበሰቡ፤ ዝንብ በአካድኛም «ዙምቡ» ነው። ጥፋቱን ያመጡት አማልክት ከውሻ ወደ ዝንብ ሲወርዱ ያያሉ። ቀጥሎ እናቲቱ አምላክ የዝንብ ቅርጽ ያለውን ጌጥ ወደ ላይ አንሥታ እነዚያን ቀናት እንዳትረሳ ትምላለች፤ ውርደት የነበረው ምስል መታሰቢያ ሆነ።

ሰምና ወርቅም አያጡም። ኡትናፒሽቲም መርከብ ሲሠራ ለአገሩ ሰዎች ምን ልበላቸው ብሎ አምላኩን ኤአን ሲጠይቅ፣ ጠዋት ቂጣ፣ ማታ ስንዴ ይዘንብላችኋል በላቸው ይባላል። ብዙ ሊቃውንት እነዚህ ሁለት ቃላት በድምፅ ከጨለማና ከመከራ ጋር እንደሚገጥሙ ይናገራሉ። ሰሙ እህል ነው፣ ወርቁ ጥፋት ነው፤ በትርጉም የሚጠፋውም ይኸው ነው።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የኡሩክ ግንብ መግለጫ በመጀመሪያውና በአሥራ አንደኛው ጽላት አንድ ዓይነት ነው። ይህንንስ እንደ ዘዴ ልቁጠረው?

መልስ፣ ከቆየው አንባቢ፦
ያለ ጥርጥር ይቁጠሩት፤ ታስቦበት የተደረገ መሆኑንም የሚያስረዳ ነገር አለ። የቀድሞው የባቢሎን ቅጂ የሚጀምረው «ከነገሥታት ሁሉ የላቀ» በሚል ውዳሴ ነበር። በነነዌ በአሦር ንጉሥ በአሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት በተገኘው፣ በልማድ የባቢሎናዊው ሊቅ የሲን ሌቂ ኡኒኒ ሥራ በሚባለው ቅጂ ግን ከዚያ በፊት «ጥልቁን ያየ» ብሎ የሚጀምር መቅድም ገብቷል፤ ግንቡ ላይ ውጣ፣ ተመላለስ፣ መሠረቱን መርምር የሚለው ጥሪም እዚያው መቅድም ውስጥ ነው። አሥራ ሁለተኛው ጽላት ከሱመርኛ የተተረጎመ ተጨማሪ ስለሆነ፣ ታሪኩ የሚዘጋው በአሥራ አንደኛው ነው።

በመጀመሪያው ጽላት ግንቡን እንድናይ የሚጠራን ተራኪው ነው። በመጨረሻው ግን ያንኑ ቃል የሚናገረው ጊልጋሜሽ ራሱ ነው፤ ወጣትነትን የሚያድሰውን ተክል እባብ ወስዶበት፣ ተቀምጦ አልቅሶ፣ ባዶ እጁን ሲመለስ ለመርከበኛው ለኡርሻናቢ ያሳየዋል። ሁለቱን ምንባቦች ጎን ለጎን ገልብጠው፣ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ብቻ ያስምሩበት።