ሰባት ሰርቨሮችን በሁለት ማሽን ላይ ቨርቹዋል ማድረግ ያዋጣል ወይ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራበት ድርጅት ለሂሳብ፣ ለኢሜይል፣ ለፋይል፣ ለዳታቤዝና ለመሳሰሉት ሥራዎች የተመደቡ ሰባት ሰርቨሮች አሉት። አብዛኞቹ አርጅተዋል፤ የፕሮሰሰር አጠቃቀማቸው ግን ከዳታቤዙ በስተቀር ከ10 በመቶ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ሁለት ጠንካራ ሰርቨሮች ተገዝተው ሁሉም ወደ ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር ወደሚፈጠር፣ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር ወደሚሠራ ማሽን) እንዲዛወሩ ለኃላፊዎች ሐሳብ ላቀርብ ነው። ስለ ጥቅሙ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ሥራው ላይ ያላችሁ ጉዳቱን እንዴት እንደምትመዝኑት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1፦
ሐሳብዎ ተገቢ ነው። ብዙ ሰው የሚያነሣው የማሽኖቹና የመብራት ወጪ መቀነሱን ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከዚያ የሚበልጠው ሲስተሙ ከሃርድዌሩ መላቀቁ ነው። ቨርቹዋል ማሽን በስቶሬጅ ላይ የተቀመጠ የፋይሎች ስብስብ ስለሆነ፣ የተሸከመው ሰርቨር ቢበላሽ ሞዴሉ የተለየ ሌላ ሰርቨር ላይ እንኳ እንደገና ሳይጫን ሊነሣ ይችላል። ሥራ ላይ እያለ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወርም ስለሚቻል፣ ራም ለመጨመር ሠራተኛው ሁሉ እስኪወጣ መጠበቅ ይቀራል።

ጉዳቱም ከዚሁ ይመነጫል። ቀድሞ አንድ ሰርቨር ሲወድቅ የሚቋረጠው አንድ አገልግሎት ነበር፤ አሁን ሦስት ወይም አራት አብረው ይቋረጣሉ። ስለዚህ ሂሳቡ መሠራት ያለበት አንዱ ሰርቨር ለወደቀበት ቀን ነው። ማሽኖቹ በድምሩ 200 ጊጋባይት ራም የሚፈልጉ ከሆነ፣ 128 ጊጋባይት ያላቸው ሁለት ሰርቨሮች የሚበቁ ይመስላሉ፤ አንዱ ሲወድቅ ግን ቀሪው ሁሉንም መሸከም አይችልም። ለእያንዳንዱ 256 ጊጋባይት ይጠይቁ። ፕሮሰሰር ሲጣበብ ሥራው ይዘገያል፤ ራም ሲያልቅ ግን ሃይፐርቫይዘሩ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስኬደው ሶፍትዌር) ወደ ዲስክ መጻፍ ስለሚጀምር ሁሉም በአንድነት ይንቀራፈፋል።

መልስ 2፦
እኔ የምጨምረው ስለ ባክአፕ ነው፤ እባክዎ ስናፕሾትን (ማሽኑ በአንድ ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ መመለሻ) እንደ ባክአፕ አይቁጠሩት። ስናፕሾት ሲወሰድ መነሻው ዲስክ ሳይነካ ይቆይና ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለውጥ በሌላ ፋይል ይጻፋል፤ መነሻው ከጠፋ ያ ፋይል ብቻውን አይጠቅምም። ለሳምንታት ተረስቶ ሲቆይ ደግሞ እያደገ ሄዶ ስቶሬጁን ሊሞላውና በላዩ ያሉትን ማሽኖች ሊያስቆም ይችላል። ከሶፍትዌር ማሻሻያ በፊት ይውሰዱት፤ ሥራው መሳካቱን እንዳረጋገጡ ይሰርዙት።

ስለ ደኅንነትም ላንሣ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ኢኤስኤክስአይአርግስ የተባለው ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጎጂ ሶፍትዌር)፣ ማስተካከያው በ2021 የወጣለትን ክፍተት ተጠቅሞ የቪኤምዌር ኩባንያ ሃይፐርቫይዘር የሚሠራባቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮች አጥቅቷል። አጥቂዎቹ ወደ እያንዳንዱ ቨርቹዋል ማሽን መግባት አላስፈለጋቸውም፤ ሃይፐርቫይዘሩን መያዝ በቂ ነበር። ስለዚህ የሃይፐርቫይዘሩ ማስተዳደሪያ ገጽ ከኢንተርኔትም ከሠራተኞች ኔትወርክም ይለይ፤ ባክአፑም በሌላ የይለፍ ቃል የሚጠበቅ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

መልስ 3፦
ላይሰንስን (የሶፍትዌር መጠቀሚያ ፈቃድን) አይርሱ። ብሮድኮም በኖቬምበር 2023 ቪኤምዌርን ከገዛ በኋላ ቋሚ ላይሰንስ መሸጥ ቀርቶ በየጊዜው በሚታደስ ክፍያ ተተክቷል፤ በዚህም ምክንያት ብዙዎች ወደ ሌሎች አማራጮች፣ ማለትም ወደ ማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪ ወይም በሊኑክሱ ኬቪኤም ላይ ወደተሠራው ፕሮክስሞክስ እያማተሩ ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን የዊንዶውስ ሰርቨር ሂሳብ ነው። የሰርቨሩን ኮሮች (የፕሮሰሰሩን የማስሊያ ክፍሎች) በሙሉ የሚሸፍን አንድ ስታንዳርድ ላይሰንስ የሚፈቅደው ሁለት ቨርቹዋል ማሽኖችን ብቻ ነው። ሰባቱም ዊንዶውስ ከሆኑና አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ ሌላው ሁሉንም እንዲረከብ ከተፈለገ፣ እያንዳንዱ ሰርቨር አራት አራት ጊዜ መሸፈን አለበት። ይህ ከበጀቱ ከቀረ በኋላ የሚያስከትለው ጭቅጭቅ ብዙ ነው።

ጠያቂው፦
እጅግ አመሰግናለሁ። የላይሰንሱን ሂሳብ ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር፤ ሐሳቡን ከማቅረቤ በፊት አስገባዋለሁ። ዳታቤዙስ አብሮ ይዛወር ትላላችሁ?

መልስ 1፦
በመጨረሻ ያዛውሩት። በቅድሚያ የዲስኩን የንባብና የጽሕፈት መጠን፣ ሂሳብ የሚዘጋባቸውን የወር መጨረሻ ቀናት ጨምረው ይለኩ። ዳታቤዝ ቨርቹዋል ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘገየው ከሌሎች ጋር የሚጋራው ስቶሬጅ ነው፤ አዲሱ ስቶሬጅ ከሌሎቹ ጭነት ጋር ያንን መጠን ካልቻለ፣ ዳታቤዙ በራሱ ሰርቨር ላይ ቢቆይ ይሻላል።