የተኩስ መለማመጃችን ተዘጋ፤ መላ በሉኝ

የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ እባካችሁ መላ በሉኝ። የምማርበት ዩኒቨርሲቲ የዒላማ ተኩስ ክበባችንን አዳራሽ ዘጋው። በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ፣ ከቁልፉ በላይ «ለመጋዘን ይፈለጋል» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት። በቃ። ጠመንጃዎቹም ውስጥ ቀሩ። ስንጠይቅ ከቢሮ ቢሮ ያመላልሱናል።

ክላሽ እንዳይመስላችሁ! የአየር ጠመንጃ ነው። 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነች የእርሳስ ጥይት፣ 10 ሜትር ላይ የተሰቀለ ወረቀት። 10 ነጥብ የሚያሰጠው መሃሉ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በእስክሪብቶ ጫፍ የተነካ ያህል። ትንፋሽ ካልተረጋጋ አይገኝም። ልምምድ ሲቋረጥ ደግሞ እጅ ቶሎ ይሰንፋል።

አጎቴ «የእኔን መሣሪያ ይዛችሁ ጦሳ ላይ ውጡ» አለን። ደግ ሰው ነው፣ ግን የማይሆን ነገር ነው። ተራራው ላይ እረኛ አለ፣ እንጨት ለቃሚ አለ። ደግሞስ በዚህ ጊዜ መሣሪያ ይዞ መንገድ መውጣት… እሱን ተዉት።

እኛ የምንፈልገው ከ10 ሜትር ትንሽ የሚረዝም፣ ከዒላማው ጀርባ ግንቡ ድፍን የሆነ፣ በሩ ከተኳሹ ኋላ የሆነ ቤት ነው። የሚያከራይ ታውቃላችሁ? ኮምቦልቻ ቢሆንም እንወርዳለን። ሌላው የፈቃዱ ነገር ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የአየር ጠመንጃንም ይነካል? ክበብ ከሆንን ማመልከቻውን ለማን እናስገባ? ለፖሊስ ወይስ ለስፖርት ቢሮ? በዚህ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ይንገረን። ጠመንጃዎቹን በምን ዓይነት ደብዳቤ ማስወጣት እንደሚቻልም ጠቁሙን።