ሻንጣዬን ልፍታ ወይስ ልጠብቅ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ሜሪላንድ ከገባሁ ሦስት ዓመት አለፈኝ። የጥገኝነት ማመልከቻዬን በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ባስገባም ለቃለ መጠይቅ እስካሁን አልተጠራሁም። ከሥራ ስመለስ ወደ ቤት ሳልወጣ የፖስታ ሳጥኑን እከፍታለሁ፤ የማገኘው የፒዛ ማስታወቂያ ነው። በስልክ የሚጸልይልኝ አንድ ሰው «ከፋሲካ በፊት ወረቀትህ ይወጣል፣ ተገልጦልኛል» ብሎኝ ነበር። ፋሲካም አለፈ፣ ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። አሁን ተስፋ የቆረጥኩት በሰውየው ይሁን በእግዚአብሔር መለየት አቅቶኛል። ሻንጣዬ አልጋ ሥር እንደተቆለፈ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለውን ቃል እዚህ አገር የማይጠቅስ ሐበሻ የለም። ኤርምያስ 29፥11 ነው። እኔም ስድስት ዓመት ወረቀት ስጠብቅ ማቀዝቀዣዬ በር ላይ ለጥፌው ነበር። አንድ ቀን ምዕራፉን ከላይ ጀምሬ ሳነበው ለካ ደብዳቤ ኖሯል! ከኢየሩሳሌም ተማርከው ባቢሎን ለወረዱ ሰዎች የተላከ ደብዳቤ። እንደ እኛው ወሬ ይጠብቁ ነበር፤ የእነሱ «ወደ አገራችሁ ተመለሱ» የሚል ወሬ ነው። የደረሳቸው ግን ሌላ ነው፤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለተማረካችሁባት ከተማም ጸልዩ ይላል። ቁጥር 10 ላይ ደግሞ 70 ዓመት! ጥቅሱን የሚለጥፍ ሁሉ ይህችን ቁጥር ዘሎ ነው የሚለጥፈው።

ምዕራፍ 28ንም አንብበው። ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል ብሎ ኤርምያስ በአንገቱ ያደረገውን የእንጨት ቀንበር በሕዝብ ፊት ሰበረው። የሚገርመኝ ኤርምያስ መጀመሪያ የመለሰለት «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ብሎ መሆኑ ነው። እሱም ቢሆንለት ይወድ ነበር። ያንተን የፋሲካ ቀጠሮ ብሰማ እኔም አሜን እል ነበር። ቀኑን የቆረጠልህ ሰውየው ስለሆነ ያለፈውን ቀን ከእሱ ጠይቅ። (ገንዘብ ልከህለት ከሆነ እሱን ለብቻ እናወራለን።)

ፍርሃቱ ይለቅሃል ብዬ አልዋሽህም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስነቃ ዳዊት 90ን እደግም ነበር፤ በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 91 ነው። ደግሜ የምተኛበት ሌሊት ነበር፤ ፈጽሞ የማልተኛበትም ነበር።

ከጸሎት ጋር የማይምታታ አንድ ነገር ልንገርህ። ቤት ስትቀይር አዲሱን አድራሻ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ቅጹ ኤአር-11 ይባላል። እኔ ከእህቴ ቤት ስወጣ ችላ ብዬው የቃለ መጠይቅ ደብዳቤዬ እዚያው ሁለት ሳምንት ተቀምጦ ተገኘ። ቀጠሮው ሊያልፍ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ያን ጊዜ የተንቀጠቀጥኩትን ዛሬም አልረሳውም።

ሻንጣህንም ፍታ።

ጠያቂ፦ እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ከፈትኩት። ከላይ የእናቴ ነጠላ አለ። ሽሮው ነቅዟል፣ ጣልኩት። ከሥር በጨርቅ የተቋጠረ የበሶብላ ዘር አገኘሁ፤ እንዳደረገችልኝ እንኳን አላውቅም ነበር። ገንዘቡን የላክሁት ሁለት ጊዜ ነው፣ አይጠይቁኝ። ሦስት ዓመት የቆየ ዘር ይበቅላል?

መልስ፦ ይበቅላል። ሁሉም ላይወጣ ስለሚችል በርከት አድርገህ ዝራው፤ አፈሩን በስሱ አልብሰው። አሮጌ ባልዲም ይሆናል፣ ውኃ እንዳይተኛበት ሥሩን ብሳው። ውርጩ አልፏል፤ በረንዳ ላይ አውጣው።