አስቸኳይ፦ ሰም የቀባሁት ማንጎ ጠላ ጠላ ሸተተኝ

ባለማንጎ (አርባ ምንጭ)፦
ወገኖች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ማንጎዬ እንዳይጠወልግ ብዬ ከትናንት በስቲያ ሰም ቀባሁት። ዛሬ ጠዋት ሣጥኑን ስከፍት ጠላ ጠላ ይሸታል። ላዩ ያብረቀርቃል፣ እንከን የለውም። አንዱን ስቆርጠው ግን ዘሩ አጠገብ ውሃ ውሃ ብሏል። ነገ ሌሊት አይሱዙው ወደ አዲስ አበባ ይነሳል። 14 ሣጥን ነው። ምን ላድርግ?

የሰፈር ልጅ፦
የማንጎ ጠጅ ጀመርክ በለና! አይዞህ ወንድሜ፣ መላ አይጠፋም።

ነጋዴው፦
የምን ሰም ነው? የሱቅ ሻማ ከሆነ ለሚበላ ነገር አይሆንም። እንዳትሸጠው።

ባለማንጎ፦
የንብ ነው። የማር ሰፈፍ አንጥሬ ከዘይት ጋር አቀለጥኩትና በብሩሽ ቀባሁት። ሁለት ጊዜ። ከዚያ በፌስታል ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስገባሁት።

አግሮኖሚስቱ፦
ሁለት ጊዜ፣ በዚያ ላይ ፌስታል! ማንጎ ከዛፉ ከወረደም በኋላ ይተነፍሳል። ኦክስጅን ያስገባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ስስ ሽፋን ውሃው ቶሎ እንዳይተን ያደርጋል፣ ትንፋሹንም ያዘገየዋል። ሲወፍር ግን ያፍነዋል። የታፈነ ፍሬ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል። የሸተተህ እሱ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ቻይናውያን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ብርቱካን በሰም ይቀቡ ነበር።

ቡሌ፦
ሰሙን እጠበው።

ሌላዋ ባለማንጎ፦
መጀመሪያስ ለምን ይቀባል? እኔ ሳልቀባ ነው የምልከው። በጠዋት እቆርጣለሁ፣ እንጨቱን አንድ ጣት ያህል እተውለታለሁ፣ ጥላ ስር አኖራለሁ። እንጨቱ ከሥሩ ሲነቀል የሚፈሰው ወተት ነው ቆዳውን የሚያቃጥለው። ሰም ያንን አያድንም።

ባለማንጎ፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ። እኔ ግን ሳምንት ሳይሸጥ ይቆይብኛል። ከተጨማደደ ደላላው ዋጋውን ይጥለዋል። የልጆቼ ደብተር ከዚህ ነው የሚወጣው።

ቡሌ፦
እጠበው እኮ አልኩህ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።

እናት ጓዳ፦
ልጄ፣ አሁኑኑ ፌስታሉን ግፈፈው። ለብ ባለ ውሃ ጨርቅ ነክረህ አንድ በአንድ ጥረገው። ሰም ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ብትፈገፍገው ግን ቆዳው ይላጣል። ጠርገህ ስታበቃ አየር የሚያገኝ ጥላ ላይ ዘርጋው፣ አትደርበው። ከየሣጥኑ አንድ አንድ ቆርጠህ ቅመስ። ውስጡ የሸተተውን አትላከው፣ ስምህ ይበላሻል።

ከመተማ፦
ለቀጣዩ የግራር ሙጫ ሞክር። 100 ግራም የተፈጨ ሙጫ በ900 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ እያማሰልክ አሟሟው። በነጠላ አጥልለውና ሲቀዘቅዝ ማንጎውን ነክረህ አውጣው። ጥላ ላይ ይድረቅ። ጥሬ የደረሰ እንጂ ብስል አትንከር። መጀመሪያ አምስት ፍሬ ብቻ ሞክርና ጎኑ ያልተነከረ አምስት አስቀምጥ።

አግሮኖሚስቱ፦
ጥሩ ብለሃል። ጥቁር ነጠብጣብ የሚያመጣውን ፈንገስ ግን ሽፋን ብቻውን አይገድለውም። ከመቀባቱ በፊት 52 ዲግሪ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ ይነከር። ያለ ቴርሞሜትር ግን እንዳትሞክረው፣ ይቀቀልብሃል።

የሰፈር ልጅ፦
እሬትስ? በየአጥሩ ሞልቷል።

እናት ጓዳ፦
ይሆናል፤ ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫ መራራ ውሃ ግን መጀመሪያ ተንጠፍጥፎ ይለቅ። እሱ ሆድ ያስቀምጣል።

ባለማንጎ፦
5 ሣጥን ጠርገናል፣ ባለቤቴና ጎረቤት እያገዙኝ ነው። ላዩ ሽታው ቀለል ብሏል። ከሦስተኛው ሣጥን የቆረጥኩት ውስጡ ደህና ነው፣ ከመጀመሪያው ያወጣሁት ግን አሁንም ይሸታል። ፋኖሱን አብርቼ እቀጥላለሁ።

ነጋዴው፦
የመጀመሪያውን ሣጥን ለብቻው አስቀረው። አዲስ አበባ ስትደርስ ጻፍልን።